የቍስል ስፋት በፎቶግራፍ ስለ መለካት

ቍስል ያለበትን ሰው ስለ ጤናው ቢጠይቁት «ደኅና ነው፤ እየጠገገ ነው» ይላል። ሐኪምም ቢሆን እንደዚሁ ይሳሳታል። እኛ ራሳችን በባሕር ማዶ ሕክምና ስንማር፥ የስኳር በሽታ ባለበት በአንድ ሕሙም መዝገብ ላይ ሦስት ሳምንት ሙሉ «ተሽሎታል» እያልን ጽፈናል። በአራተኛው ሳምንት የእግሩ ቍስል ከመጀመሪያው ቀን ፎቶግራፍ ጋር ሲነጻጸር ሰፍቶ ተገኘ። ቀይ ሥጋ ማቈጥቈጡን አይተን ደስ ስላለን ጠርዙ መሸሹን አላስተዋልንም ነበር።

የተለመደው አለካክ በማስመሪያ ርዝመቱንና ወርዱን ወስዶ ማባዛት ነው። መምህራን ወዲያው እንደሚረዱት ይህ የአራት ማዕዘን ስሌት ነው። ርዝመቱ 6 ወርዱ 4 ሴንቲ ሜትር የሆነ እንቍላል መሳይ ቍስል በዚህ ስሌት 24 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይባላል፤ እውነተኛው ስፋቱ ግን 19 ያህል ነው።

ይህን ጉድለት የቀድሞ ሐኪሞችም ያውቁት ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፥ በፈረንሳይ አገር በኮምፒየኝ በነበረው የጦር ሐኪም ቤት፥ አሌክሲ ካሬልና ባልደረቦቹ የወታደሮችን ቍስል ጠርዝ ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ወረቀት ላይ እየቀዱ ስፋቱን በመሣሪያ ይለኩ ነበር። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ለኮንት ዱ ኑዊ በ1916 (በአውሮፓውያን አቈጣጠር) የቍስልን የመዳን ፍጥነት ከስፋቱና ከሕሙሙ ዕድሜ ጋር አያይዞ በሒሳብ ገለጸ።

ዛሬ የስሱን ወረቀት ሥራ ፎቶግራፍ ይሠራዋል። ልኩ የታወቀ ማስመሪያ ከቍስሉ አጠገብ ይደረግና ሥዕሉ ይነሣል። ሥዕሉ እጅግ ከደቀቁ ነጥቦች የተሠራ ስለ ሆነ፥ አንድ ሴንቲ ሜትር ስንት ነጥብ እንደሚይዝ ከማስመሪያው ይታወቃል፤ ከዚያ የቍስሉ ጠርዝ ተከብቦ በውስጡ ያሉት ነጥቦች ይቈጠራሉ። ካሜራው ግን በቍስሉ ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ መያዝ አለበት፤ ካዘነበለ ቍስሉ የጠበበ ይመስላልና የሐሰት ደስታ ያመጣል። እንደ ተረከዝ በጐበጠ ቦታ ላይም ተራ ፎቶግራፍ ስፋቱን ያሳንሳል። ለዚህ ጥልቀትን ጭምር የሚለኩ ባለ ሁለት ዓይን ካሜራዎች አሉ። ከቆዳ በታች የተቦረቦረውን ግን የትኛውም ካሜራ አያየውም፤ ሐኪሙ በንጹሕ መሣሪያ ይፈትሸዋል። በጥቍር ቆዳ ላይ የቍስሉ ዙሪያ መቅላትም በሥዕል በግልጽ አይታይም፤ ስለዚህ ትኵሳቱን በእጅ መዳሰስ አይቀርም።

ይህ ሁሉ ድካም ስለ ምንድር ነው? የስኳር ሕሙማን የእግር ቍስል በ4 ሳምንት ውስጥ ስፋቱ በግማሽ ካልቀነሰ፥ በ12 ሳምንት የመዳን ተስፋው አነስተኛ መሆኑ ተረጋግጧል። እንግዲያው ሐኪሙ ያን ጊዜ የደም ዝውውሩን፥ መመረዙን፥ በእግሩ ላይ የሚያርፈውን ክብደት እንደገና ይመረምራል፤ ዘግይቶ ቢነቃ እግሩ ሊቈረጥ ይችላል። ግማሽ መቀነሱንም ዓይን በቀላሉ አይለየውም፤ ከላይ ያልነው ቍስል ርዝመቱ ወደ 4.2፥ ወርዱ ወደ 2.8 ሲወርድ ስፋቱ ግማሽ ሆኗል።

በቤቱ የስኳር ሕመምተኛ ያለው አንባቢ በእጅ ስልኩ ሥዕል ሊያነሣ ይችላል። ማስመሪያው ቍስሉን አይንካ፤ እግሩም ብርሃኑም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሁን፤ ቀኑ ይጻፍ። ሕሙሙን አስቀድሞ ማስፈቀድ ይገባል፤ ሥዕሉንም ከሐኪሙ በቀር ለሌላ ሰው አያሳዩ።