የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ ከወረቀት ወደ ተግባር እንዴት ይሸጋገራል?

በግለሰቦች እጅ የሚገኘውን የጦር መሣሪያ በጠበቀ ሕግ መቆጣጠር ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚለው ጥያቄ በተነሣ ቁጥር ሁለት ተቃራኒ አስተሳሰቦች ጎልተው ይሰማሉ። አንደኛው፣ አዋጅ ከወጣና ቅጣቱ ከከበደ ችግሩ በራሱ ጊዜ ይወገዳል ብሎ ያምናል። ሁለተኛው ደግሞ፣ ሕግን የሚያከብረው ሰላማዊው ሰው ብቻ ስለሆነ ቁጥጥሩ ሰላማዊውን ባዶ እጁን አስቀርቶ ወንጀለኛውን እንደታጠቀ ይተወዋል ሲል ይከራከራል። በሁለቱም ውስጥ እውነት አለ። ይሁን እንጂ ሁለቱም ሕግን ከተጨባጩ ማኅበራዊ ሁኔታ ነጥለው የሚመለከቱ በመሆናቸው ከትክክለኛ መደምደሚያ አያደርሱም። ስለሆነም ሕጉ የሚሠራው በምን ሁኔታ፣ የሚከሽፈውስ በምን ምክንያት እንደሆነ ከታዩ ተሞክሮዎች ተነሥቶ መመርመር ያስፈልጋል።

በዚህ ረገድ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የአውስትራሊያ ተሞክሮ ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 28 ቀን 1996 በታዝማኒያ ደሴት፣ ፖርት አርተር በተባለው ሥፍራ አንድ ታጣቂ 35 ሰዎችን ገደለ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ የአገሪቱ የመሣሪያ ሕግ እንደየግዛቱ ይለያይ ስለነበር በአንዱ ግዛት የጠበቀው በሌላው ላልቶ ይገኝ ነበር። ግድያው በተፈጸመ በ12ኛው ቀን የፌዴራሉና የግዛቶቹ ሚኒስትሮች ከአንድ ብሔራዊ ስምምነት ላይ ደረሱ። በስምምነቱ መሠረት ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃዎች ለአብዛኛው ሕዝብ ተከለከሉ፤ እያንዳንዱ መሣሪያ እንዲመዘገብ፣ ፈቃድ ጠያቂው በቂ ምክንያት እንዲያቀርብና ገዢው 28 ቀናት እንዲጠብቅ ተደነገገ። ራስን መከላከል ብቻውን እንደ በቂ ምክንያት እንዳይቆጠርም ተወሰነ።

ልብ ሊባል የሚገባው ግን ድንጋጌው ብቻውን ያልተተወ መሆኑ ነው። መንግሥት የተከለከሉትን መሣሪያዎች ካሣ እየከፈለ ሰበሰበ፤ ለዚህም የሚያስፈልገውን ገንዘብ ከገቢ ላይ ለአንድ ጊዜ ብቻ በተጣለ 0.2 በመቶ መዋጮ አገኘ። ወጪውን መላው ኅብረተሰብ ተሸከመ ማለት ነው። በዚህ ዘዴ 650 ሺህ ያህል መሣሪያዎች ተሰብስበው ወደሙ። ተቃውሞው ቀላል አልነበረም። ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሃዋርድ በዚያው ዓመት በቪክቶሪያ ግዛት፣ ሴል በተባለችው ከተማ ለተሰበሰቡ የመሣሪያ ባለቤቶች ንግግር ያደረጉት ከኮታቸው ሥር ጥይት የማይበሳው ልብስ ለብሰው ነበር።

ውጤቱስ? በአውስትራሊያ በጥይት የሚሞተው ሰው ቁጥር ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲነጻጸር ከዚያ ወዲህ ከግማሽ በላይ ቀንሷል። ቅነሳው ከ1996 በፊትም ጀምሮ ነበር የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ አስተያየታቸውም በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። ሆኖም በዚያች አገር በጥይት ከሚሞቱት የሚበዙት ራሳቸውን የሚያጠፉ ሰዎች መሆናቸውን ማስታወስ ይገባል። «ወንጀለኛ ሕግ አያከብርም» የሚለው መከራከሪያ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። በጥይት የሚጠፋ ሕይወት ሁሉ አስቀድሞ ባሤረ ወንጀለኛ እጅ የሚጠፋ አይደለም። በተስፋ መቁረጥ ሰዓት፣ በባልና ሚስት ጠብ፣ በጎረቤታሞች የድንበር ክርክር የተነሣ ቁጣ፣ በአቅራቢያው ጠመንጃ ካላገኘ፣ ብዙ ጊዜ ሰው ሳይገድል ይበርዳል።

በሌላ በኩል ድሉ ዘላለማዊ ተደርጎ ሊወሰድ አይችልም። ዛሬ በአውስትራሊያ የተመዘገበው መሣሪያ ከ4 ሚሊዮን በልጧል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 14 ቀን 2025 በሲድኒ ከተማ፣ በቦንዳይ ባሕር ዳርቻ 15 ሰዎች ሲገደሉ ከሁለቱ ገዳዮች አንደኛው ስድስት መሣሪያዎች በሕጋዊ ፈቃድ ይዞ ነበር። ከዚህ የምንረዳው ፈቃድ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚረሳ ወረቀት ከሆነ ሕጉ ቀስ በቀስ ከውስጡ እንደሚቦረቦር ነው።

ሕግ ብቻውን የማይበቃ ለመሆኑ ሜክሲኮ ከሁሉ የጎላ ማስረጃ ናት። በዚያች አገር መሣሪያ በሕጋዊ መንገድ የሚሸጠው በጦር ሠራዊቱ ቁጥጥር ሥር ባሉ ሁለት መደብሮች ብቻ ነው። ነገር ግን ከድንበሩ ማዶ በዩናይትድ ስቴትስ ንግዱ የተስፋፋ በመሆኑ ከሜክሲኮ ወንጀለኞች ተይዘው ምንጫቸው ከተጣራው መሣሪያዎች የሚበዙት ከዚያ የመጡ ናቸው። ሜክሲኮ በ2021 የአሜሪካ አምራቾችን ከሰሰች። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በጁን 2025፣ አምራቾችን ከእንዲህ ዓይነቱ ክስ የሚከላከለውን የ2005 ሕግ ጠቅሶ ክሱን በሙሉ ድምፅ ውድቅ አደረገ። ትርፉ በአንድ ወገን ይካበታል፤ ሬሣው በሌላው ወገን ይቀበራል። ተሸካሚውን እያሳደዱ አምራቹንና አሻጋሪውን መተው አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መምታት ነው።

ሌላው ትምህርት ከአካባቢያችን የሚገኝ ነው። በኡጋንዳ፣ ካራሞጃ በ2001 መጨረሻ አርብቶ አደሮች መሣሪያቸውን እንዲያስረክቡ ተጠየቁ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ጠመንጃዎችም ተሰበሰቡ። ይሁንና በ2002 በሰሜን በተከፈተው ዘመቻ ምክንያት ጥበቃ ሊያደርግ የነበረው ሠራዊት ከአካባቢው በመነሣቱ ቀድመው ያስረከቡት ወገኖች ላላስረከቡት ጎረቤቶቻቸው ዘረፋ ተጋለጡ። ሕግን ያከበረ ሰው በማክበሩ ከተጎዳ ሁለተኛ አዋጅ ሲታወጅ ጠመንጃውን ይቀብራል እንጂ አያወጣም።

በአገራችንም የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 በ2012 ዓ.ም. ጸድቋል። አዋጁ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝንና መነገድን ይከለክላል። ዓመት ሳይሞላው ግን በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ተቀሰቀሰ። ጦርነት ባለበት መሣሪያ ይበዛል እንጂ አይቀንስም። በብዙ ገጠሮች ጠመንጃ የከብት ጠባቂ፣ የክብር ምልክትና ከአባት የተላለፈ ቅርስ ሆኖ የሚታይ መሆኑም መዘንጋት የለበትም።

እንግዲህ ጥያቄው «ሕጉ ይጥበቅ ወይስ ይላላ?» የሚል ብቻ ሊሆን አይገባውም። የጠበቀ ሕግ ይሠራል፤ የሚሠራው ግን ሦስት ቅድመ ሁኔታዎች ሲሟሉ ነው። አንደኛ፣ ምንጩና ማመላለሻው፣ ማለትም ኮንትሮባንዱና ከበስተኋላው ያለው ትርፍ ሲመታ፤ ሁለተኛ፣ መሣሪያ ያስረከበው ዜጋ አስተማማኝ ጥበቃ ሲያገኝ፤ ሦስተኛ፣ ሕጉ ባለሥልጣንና ዘመድ ሳይለይ በሁሉም ላይ እኩል ሲፈጸም ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ አዋጁ ከመዝገብ ቤት መደርደሪያ አያልፍም።

ይህም የመንግሥት ብቻ ሥራ አይደለም። በየመኖሪያ ሠፈሩና በየሥራ ቦታው የተደራጀ ሕዝብ ማን ከማን እንደተጣላ፣ የትኛው ጠብ ወደ ደም እንደሚያመራ ከማንኛውም መዝገብ ቀድሞ ያውቃል። ጠበኞችን በሽምግልና ማስታረቅ፣ ፈቃድ ያለው ጎረቤት መሣሪያውን ከልጆች አርቆና ቆልፎ እንዲያስቀምጥ መምከር፣ ለሠርግና ለለቅሶ ወደ ሰማይ መተኮስን እንደ ነውር እንዲቆጠር ማድረግ፣ ጥበቃና ፍትሕ የጎደለ እንደሆነም በስብሰባ ተነሥቶ መጠየቅ የማኅበሩ አባላት ድርሻ ነው። ጎረቤቱ እንደማይተኩስበት፣ ቢተኮስበትም ሕግ እንደሚደርስለት ያረጋገጠ ሰው ጠመንጃውን ለማስረከብ ዘበኛ አያስፈልገውም።