የተነፈሰ ጎማ ባዶ አይደለም

ከጅግጅጋ ወደ ቶጎጫሌ በሚያወጣው መንገድ ዳር ጎሚስታ አይጠፋም። ፊዚክስ የማስተምራቸው ልጆች ግፊትን ከመጽሐፍ በፊት የሚያውቁት እዚያ ነው። ስለዚህ ትምህርቱን የምጀምረው በጎማ ነው። ጎማው ተነፈሰ፤ መለኪያው ዜሮ ላይ ቆመ። ውስጡ ምን ቀረ?

«ምንም የለም፣ ቲቸር!» ይላል ክፍሉ።

ውስጡ ግን አየር አለ፤ ግፊቱ ከደጁ አየር ጋር እኩል ሆነ እንጂ አልጠፋም። የጎሚስታው መለኪያ የሚናገረው የጎማው ግፊት ከውጪው ምን ያህል እንደሚበልጥ ብቻ ነው። ከላያችን የተከመረው አየር ክብደት አለው። ባሕር ጠለል ላይ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር 1 ኪሎ ገደማ ያርፋል። ጅግጅጋ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ከላይዋ ያለው አየር ያንሳል፤ ድርሻዋም ወደ 850 ግራም ይወርዳል። ይህ ሁሉ ሸክም የማይጨፈልቀን ከየአቅጣጫው ስለሚገፋና ሰውነታችንም ከውስጥ በዚያው ልክ ስለሚመልስ ነው። ከሐረር የሚመጣ ሰው የካራማራን ተራራ ወጥቶ ሲወርድ ጆሮው የሚደፈነው ይህ ሚዛን ለጥቂት ጊዜ ስለሚዛባ ነው።

ግፊት ጉልበት ብቻ አይደለም፤ ጉልበቱ ለሚያርፍበት ስፋት ተካፍሎ የሚገኝ ነው። ግመል ያን ያህል ከብዶ አሸዋ የማይውጠው እግሩ ሰፊና ለስላሳ ስለሆነ፣ ሲረግጥም ይበልጥ ስለሚዘረጋ ነው። ሹፌሮችም አሸዋ ሲገጥማቸው ጎማውን በጥቂቱ ያስተነፍሱታል። የመኪናው ክብደት ያው ነው፤ መሬት የሚነካው የጎማ ስፋት ግን ይጨምራል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1648 ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል የእህቱን ባል ፍሎሪን ፔሪዬን የሜርኩሪ ቱቦ አስይዞ ፒዊ ደ ዶም የተባለ ተራራ ላይ ሙከራ አሠራው። ወደ ላይ በወጣ ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ሜርኩሪው ዝቅ አለ። ከቀመር ሁሉ አስበልጬ የምወደው ይህን ሙከራ ነው፤ የኛ አገር መንገድም ይሠራዋልና። ባዶ ሃይላንድ ጅግጅጋ ላይ ክዳኑን ጥብቅ አድርጎ ዘግቶ በቶጎጫሌ በኩል እስከ በርበራ ወደብ የሚወርድ ሰው፣ ባሕሩ ዳር ሲደርስ ፕላስቲኩ ተጨማዶ ያገኘዋል። ማንም አልጨመቀውም፤ የበርበራ አየር ነው።

በርበራ ላይ የተነፋ ጎማ ደግሞ ጅግጅጋ ሲደርስ፣ ሙቀቱ ካልተለወጠ፣ መለኪያው ላይ 2.5 ፒኤስአይ ገደማ ጨምሮ ይታያል። የጨመረ አየር የለም፤ የውጪው ግፊት ነው የቀነሰው። በርበራ ግን ትሞቃለች፣ ጅግጅጋ ትቀዘቅዛለች። ጎማው አድሮ ሲበርድ የውስጡ ግፊት ስለሚወርድ ያ ጭማሪ ሊጠፋ፣ እንዲያውም ቁጥሩ ከበርበራው ሊያንስ ይችላል። ሹፌሩ ሚስማር ወግቶት ይሆናል ብሎ ጎማውን ከማስፈታቱ በፊት የት፣ በምን ያህል ሙቀት እንዳስነፋው ማስታወስ አለበት።