ነበልባሉ አንድ፣ ሻጩ ብዙ

በአሜሪካ የጆርጂያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣ ሕግ የተፈጥሮ ጋዝ ሽያጭ ለውድድር ተከፍቷል። በዚህም በአትላንታ የሚኖሩ ወገኖቻችን ጭምር ጋዝ የሚሸጥላቸውን ድርጅት ራሳቸው ይመርጣሉ። ለመሆኑ ሻጭ ሲለወጥ ነበልባሉ ይለወጣልን? አይለወጥም። የሁሉም ሻጮች ጋዝ በአብዛኛው ሜቴን ነው፤ የሚጓዘውም በአንድ ቧንቧ ውስጥ ተቀላቅሎ ነው። የሚለያየው ሂሳቡ ነው።

ጋዙ የሚሸጥበት መስፈሪያ ቴርም ይባላል፤ 1 ቴርም 105.5 ሜጋጁል ያህል የሙቀት ኃይል ነው። ለምሳሌ አንዱ ሻጭ በቴርም 60 ሳንቲም እና በወር 10 ዶላር ቋሚ ክፍያ፣ ሌላው 80 ሳንቲም እና 5 ዶላር ይጠይቁ እንበል። ሁለቱ ሂሳቦች በ25 ቴርም ላይ እኩል ይሆናሉ። ከዚያ በታች ለሚያነድ ቤት ሁለተኛው፣ ከዚያ በላይ ለሚያነድ የመጀመሪያው ይረክሳል። ስለዚህ ውል ከመፈረማችን በፊት የዓመቱን ፍጆታችንን እንወቅ።