ምስጢር ሲወጣ ወንጀል የሚሆንበት ልብ ወለድ

የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ስናነብ የለመድነው ነገር አለ። መጀመሪያ ምስጢር ይኖራል፤ መጨረሻ ላይ ይገለጣል፤ እኛም እፎይ ብለን መጽሐፉን እንዘጋለን። ታዲያ ምስጢሩን ማውጣቱ ራሱ ወንጀሉ ቢሆንስ?

«ኤስ ኦቭ ስፔድስ» የተባለው የወጣቶች መጽሐፍ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ስሙ በካርታ ጨዋታ የምናውቀው ጥቁሩ አስ ነው። የታተመው በ2021 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ደራሲዋ ፋሪዳ አቢኬ ኢዪሚዴ ለንደን ያደገች ናት፤ የጻፈችውም ገና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለች ነው።

ታሪኩ የሚካሄደው አሜሪካ ውስጥ፣ ኒቪየስ በተባለ የሀብታም ልጆች የግል ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ያሉት ጥቁር ተማሪዎች ሁለት ብቻ ናቸው። ቺያማካ ኩሩና ጎበዝ ናት፤ ሐኪም መሆን ትፈልጋለች። ዴቨን ደግሞ ከድሃ ሰፈር የመጣ ዝምተኛ ልጅ ነው፤ ሕልሙ ሙዚቃ ነው፣ ፒያኖ ፊት ሲቀመጥ ሌላው ሁሉ ይረሳዋል። ዴቨን የሚያፈቅረው ወንዶችን ነው። ይህን የሚያውቁለት ጥቂቶች ናቸው። ሰፈር ውስጥ ቢሰማ ምን እንደሚደርስበት አሳምሮ ያውቃል።

የትምህርት ዘመኑ ሲከፈት ሁለቱም የተማሪዎች አለቃ ሆነው ይሾማሉ። ብዙም ሳይቆይ ራሱን «ኤሲስ» ብሎ የሚጠራ፣ ማንነቱ የማይታወቅ ሰው በተማሪው ሁሉ ስልክ መልእክት ይበትናል። ዴቨን ሌላ ልጅ ሲስም የሚያሳይ ፎቶግራፍ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። እስቲ አስቡት፤ ልጁ የሠራው ጥፋት የለም፣ ኑሮው ግን በአንድ ጠዋት ይናጋል። ለማን አቤት ይበል? አቤት ለማለት እኮ መጀመሪያ ራሱ ያንኑ ምስጢር መናገር አለበት።

ነገሩ ለምርመራ ልብ ወለድ ጨርሶ አዲስ አይደለም። ኮናን ዶይል በ1904 እ.ኤ.አ. ባሳተመው አንድ አጭር ልብ ወለድ፣ ሼርሎክ ሆልምስ በሰው ምስጢር የሚነግድ ሰው ይገጥመዋል፤ ያን ሰው ከነፍሰ ገዳይ አብልጦ ይጠላዋል። ሰውየውን አንዲት ሴት ስትገድለው በዓይኑ አይቶ እንኳ ለፖሊስ አልጠቆመም። ልዩነቱ፣ ዴቨን ሆልምስ የለውም። መርማሪውም ተጠቂውም ራሱ ነው።

መጽሐፉን ሁለቱ ልጆች ምዕራፍ በምዕራፍ እየተቀባበሉ ይተርኩታል። መጀመሪያ ላይ አይዋደዱም፤ ቺያማካማ ትንቀዋለች ማለት ይቻላል። ነገር ግን ፍንጩ ግማሹ እሷ ጋ፣ ግማሹ እሱ ጋ ነው፤ ካልተነጋገሩ አይገጥምም። ለእኔ የመጽሐፉ ጥሩ ቦታ ይሄ ነው። ወደ መጨረሻው ግን ትንሽ ይቸኩላል።

ኤሲስ ማን እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ጨዋታው ይበላሻል። ብቻ ስታነቡ ያን የመጀመሪያውን ሹመት ልብ በሉ።