የወንጀል ልብ ወለድ በአደባባይ ሲነበብ
(ከአውጫጭኝ ሥርዐት ጋር የተደረገ አጭር ማነጻጸሪያ)

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው፣ የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲያን በሕዝብ ፊት ቀርበው ድርሰታቸውን የሚያነቡበትና ስለ ሥራቸው የሚጠየቁበት ጉባኤ ምን እንደሚመስል፣ እንዲሁም ይኸው ጉባኤ ወደ አገራችን ገጠር ከተሞች ቢመጣ ምን ዐይነት አድማጭ እንደሚጠብቀው ነው። የወንጀል ልብ ወለድ ስንል፣ ግድያን፣ ስርቆትን ወይም ስለላን መነሻ አድርጎ «ይህን ማን አደረገው? ለምንስ አደረገው?» በሚል ጥያቄ አንባቢውን እስከ መጨረሻው ገጽ የሚያስከትለውን ድርሰት ማለታችን ነው። ለማነጻጸሪያ የመረጥነው ቦታ የታች ጋይንት ከተማ የሆነችው አርብ ገበያ፣ ከስማዳና ከእስቴ ጋር ነው። ይህንም ያደረግነው እንዲህ ያለ የመጻሕፍት በዓል በዚያ ስለ ተከበረ ሳይሆን፣ ወንጀልን በአደባባይ የመጠያየቅ ልማድ እንደ ሌላው የጎንደርና የጎጃም አገር ሁሉ በዚያም የቆየ በመሆኑ ነው።

በመጀመሪያ በውጭ አገር ያለውን እንመልከት። በእስፓኝ አገር፣ በኺኾን ከተማ፣ «ጥቁር ሳምንት» የሚባለው በዓል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። በእንግሊዝ አገር የሃሮጌት በዓል እ.ኤ.አ. በ2003፣ በፈረንሳይ የሊዮን በ2005፣ በስኮትላንድ የስተርሊንግ በ2012 ተከትለዋል። ሥርዐቱ በሁሉም ዘንድ ተቀራራቢ ነው። ደራሲው ከአንድ አወያይ ጋር በመድረክ ይቀመጣል፤ ከአዲሱ መጽሐፉ ጥቂት ገጽ ያነባል፤ ስለ አጻጻፉ ከአወያዩ ጋር ይነጋገራል፤ በመጨረሻም ጥያቄው ለአድማጮች ይለቀቃል። ከዚያ በኋላ ለገዢዎች በመጽሐፉ ላይ ይፈርማል። በስተርሊንግ ደግሞ ገና ስሙ ያልታወቀ ጀማሪ ደራሲ፣ ከታዋቂዎቹ አስቀድሞ ጥቂት ደቂቃ ተሰጥቶት እንዲያነብ መደረጉ የሚመሰገን ነው፤ ታዋቂውን ሊሰማ የመጣው ሕዝብ ጀማሪውንም ይሰማዋልና።

የዚህ ንባብ ዋናው ችግር ምን ማንበብ እንደሚገባ ሳይሆን የት ላይ ማቆም እንደሚገባ ነው። ባለቅኔ ግጥሙን ሙሉውን ቢያነበው አይጎዳም። የወንጀል ደራሲ ግን ገዳዩን በመድረክ ላይ ከገለጠ መጽሐፉን የሚገዛው አያገኝም። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጠው የመጀመሪያው ምዕራፍ ነው፤ ሬሳው ይገኛል፣ ጥርጣሬው ይነሣል፣ ንባቡም በዚያው ይቆማል። ጠያቂዎችም ይህን ስለሚያውቁ «ገዳዩ ማን ነው?» ብለው አይጠይቁም። የሚጠይቁት «ይህን ሁሉ ከየት አወቅኸው?» ብለው ነው። ደራሲው ከፖሊስ፣ ከሐኪም፣ ከፍርድ ቤት መዝገብ የሰበሰበውን የሚያስረዳው በዚህ ጊዜ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ወንጀልን ተሰብስቦ መስማት ለሕዝባችን እንግዳ ነገር አለመሆኑን እንረዳለን። ሁለት ልማዶችን ብቻ እንጥቀስ። አንደኛው የ«ተጠየቅ» ሙግት ነው። ከሳሽና ተከሳሽ በዛፍ ጥላ ሥር ወይም በመንገድ ዳር ቆመው፣ እየተፈራረቁ በቃላት ሲፋጠጡ፣ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያዳምጥ ነበር፤ መንገደኛም ቢሆን ዳኛ እንዲሆን ይለመን ነበር። የተመልካቹ ደስታ በፍርዱ ብቻ አልነበረም፤ ጠያቂው የተጠያቂውን ቃል በየት በኩል እንደሚይዝበት ለማየትም ነበር። ሁለተኛው በሸዋ አፈርሳታ፣ በሰሜኑ አገር ይበልጡን አውጫጭኝ የሚባለው ነው። ከብት ሲሰረቅ፣ ቤት ሲቃጠል ወይም ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሳይታወቅ ሲቀር፣ የአካባቢው ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ እንዲሰበሰብ ይታዘዛል። የቀረ ሰው ይቀጣል። ሽማግሌዎች ተመርጠው እያንዳንዱን ያስምላሉ፤ ያየውንና የሰማውን ይጠይቃሉ። ስሙ እንዲታወቅ የማይፈልግ ሰው ደግሞ የሚያውቀውን በምስጢር ያስተላልፋል፤ ይህም የወፍ ቃል ይባላል። ወንጀለኛው ካልተገኘ የተሰረቀውን ንብረት ነዋሪው አዋጥቶ ይከፍል ነበር። ሥርዐቱ በመደበኛ ፍርድ ቤትና በፖሊስ እየተተካ ሄዷል፤ ነገር ግን ትዝታው ከሽማግሌዎች አልጠፋም።

እነዚህን ሁለት ጉባኤዎች ስናስተያይ፣ ተመሳሳይነታቸውም ልዩነታቸውም ግልጥ ይሆናል። በሁለቱም ዘንድ ሕዝብ ይሰበሰባል፤ በሁለቱም ጥያቄው «ማን አደረገው?» የሚል ነው። በአውጫጭኝ ግን ዝምታ ጥፋት ነው፤ የሚያውቀውን የደበቀ ከወንጀለኛው ተለይቶ አይታይም። በደራሲው መድረክ ዝምታ የሙያው ክፍል ነው፤ አድማጩም እንዲደበቅበት ፈቅዶ መጥቷል። ከዚህ የተነሣ፣ የጋይንት አድማጭ ንባቡ በመካከል ቢቆምበት «ጨርሰህ ተናገር እንጂ!» ማለቱ አይቀርም ብለን እንገምታለን። ይህን ግን እንደ ጉድለት ልንቆጥረው አይገባም። መስቀለኛ ጥያቄን ከልጅነቱ የሰማ አድማጭ፣ በታሪኩ ውስጥ ያለውን የምክንያት ቀዳዳ ከማንም በፊት ያገኘዋል፤ ለደራሲም ከዚህ የበለጠ መምህር የለም።

ክፍል በክፍል ማዳመጥም ቢሆን ተለምዷል። ወጋየሁ ንጋቱ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ በተረከው ጊዜ፣ አድማጭ የነገውን እየናፈቀ እንዲጠብቅ አድርጎታል። በስለላ ታሪክ በኩልም፣ የኢትዮጵያ ደራሲያን ማኅበርን የመሩት ማሞ ውድነህ በትርጉምና በድርሰት አያሌ አንባቢ አፍርተዋል። ስለዚህ መጽሐፉም አድማጩም አለ፤ የጎደለው መገናኛው መድረክ ነው።

ይሁን እንጂ ሁለት አደጋዎች መታሰብ ይገባቸዋል። የመጀመሪያው የአድማጩ ነው። በሃሮጌት ወይም በሊዮን የሚነበብ ግድያ ለብዙው ሰሚ የሩቅ ነገር ነው። በገጠሩ አገራችን ግን ደም መመለስ ገና ፈጽሞ አልቀረም፤ በሽማግሌ ዕርቅና በካሳ የደረቀ ደምም ቢሆን በቃል ሊቀሰቀስ ይችላል። በአርብ ገበያ አደባባይ ስለ አንድ ግድያ ሲነበብ፣ ከአድማጩ መካከል የሟች ወገንና የገዳይ ወገን አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው ሊሆን ይችላል። ስሙ ቢለወጥ እንኳ ወንዙና ቀበሌው ከታወቀ፣ ልብ ወለዱ እንደ ወፍ ቃል ይቆጠራል። ስለዚህ ደራሲው የሰውን ስም ብቻ ሳይሆን አገሩንም መለወጥ፣ ከንባቡም በፊት ሽማግሌዎችን ማማከር ይገባዋል።

ሁለተኛው አደጋ የደራሲው ነው። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታተመ። በኤርትራ የተደረገውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ መነሻ አድርጎ፣ ፍቅርንና ስለላን አጣምሮ የያዘ ልብ ወለድ ነው። መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት ወር 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ሳይመለስ ቀረ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2025 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለዓለም አንባቢ ቀርቧል። በየመድረኩ ደራሲያን የሚጠየቁትን ያን ተራ ጥያቄ፣ «ይህን ሁሉ ከየት አወቅኸው?» የሚለውን፣ በዓሉ ግርማ በአንባቢዎቹ ፊት ቆሞ ስለ «ኦሮማይ» ሊመልስ አልታደለም። ስለ ወንጀል የጻፈው ሰው ራሱ ፍቺ ያልተገኘለት የወንጀል ታሪክ ሆኖ ቀረ።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት አሳብ ይህ ነው። የወንጀል ልብ ወለድ ንባብ ከውጭ እንደ መጣ ጨዋታ ብቻ ሊታይ አይገባውም። ሕዝባችን ወንጀልን በአደባባይ የመስማትና የመጠየቅ የቆየ ችሎታ አለው፤ ደራሲያኑም አሉ። የሚያስፈልገው ሁለት ዋስትና ነው፤ አድማጩ በንባቡ ምክንያት ደሙ እንዳይቀሰቀስበት፣ ደራሲውም ስለ ተናገረው ቃል ወደ ቤቱ በሰላም እንዲመለስ። የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች በየወረዳቸው ካሉ ሽማግሌዎች የአውጫጭኝንና የተጠየቅን ትዝታ ሳይጠፋ ቢሰበስቡ፣ ለወደፊቱ ደራሲ የታሪክ ምንጭ፣ ለወደፊቱ መድረክም የሥርዐት መነሻ ይሆናል ብለን እናምናለን።