የባሕር ወፎች ደም ምን ይነግረናል? የደም ጥገኛ ተሐዋስያን ክትትል በጋላፓጎስ ደሴቶች

ወባ ሲባል ፈጥኖ በአእምሯችን የሚመጣው የሰው ልጅና የወባ ትንኝ ነው። ይሁን እንጂ ወባን የሚያስከትሉት የፕላስሞዲየም ዝርያዎች በሰው ብቻ የተወሰኑ አይደሉም፤ ወፎችም የራሳቸው ወባ አላቸው። እንዲያውም ወባ በትንኝ ንክሻ እንደሚተላለፍ በግልጽ የተረጋገጠው በወፎች ላይ በተካሄደ ምርምር ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ሮናልድ ሮስ እ.ኤ.አ. በ1898 በሕንድ አገር በካልካታ ከተማ፣ የታመሙ ወፎችን ደም የመጠጡ ትንኞች በሽታውን ወደ ጤነኛ ወፎች እንደሚያስተላልፉ አሳየ። በዚህ ሥራውም እ.ኤ.አ. በ1902 የኖቤል ሽልማት ተቀዳጀ።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ከሰፊው የወፍ ወባ ጥናት አንዱን ክፍል፣ ማለትም በባሕር ወፎች ደም ውስጥ የሚገኙትን ጥገኛ ተሐዋስያን የመከታተል ሥራ ነው። ጥናቱ በሰፊው ከተካሄደባቸው ስፍራዎች አንዱ ከኢኳዶር ጠረፍ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ የሚገኘው የጋላፓጎስ ደሴቶች ስብስብ ነው። የዚያን ታሪክ ስንከተል የምናገኘው ዋና ትምህርት፣ «ጥገኛው በደም ውስጥ ተገኝቷል» የሚለው የምርመራ ውጤት የጥናቱ መጀመሪያ እንጂ መደምደሚያ አለመሆኑን ነው።

በደም ውስጥ የሚኖሩት እነማን ናቸው?

በወፎች ደም ውስጥ ከሚገኙት ጥገኛ ተሐዋስያን መካከል በስፋት የተጠኑት ሦስት ወገኖች ናቸው። እነርሱም ፕላስሞዲየም፣ ሄሞፕሮቴየስና ሊውኮሳይቶዞን ይባላሉ። ሦስቱም ሕይወታቸውን ለመፈጸም ሁለት ዓይነት አስጠጊ ይፈልጋሉ፤ አንዱ ወፍ ሲሆን ሌላው ደም መጣጭ ነፍሳት ነው። ፕላስሞዲየምን የሚያስተላልፉት ትንኞች ናቸው። ሄሞፕሮቴየስ እጅግ ጥቃቅን በሆኑ ተናካሽ ነፍሳትና በወፎች ላባ ውስጥ በሚኖሩ ጠፍጣፋ ዝንቦች ይተላለፋል። ሊውኮሳይቶዞን ደግሞ በወራጅ ውኃ ውስጥ በሚራቡ ጥቁር ዝንቦች አማካይነት ይዛመታል።

የፕላስሞዲየምን ዑደት በአጭሩ እንመልከት። ትንኟ ስትነክስ ስፖሮዞይት የተባሉት ቀጫጭን የጥገኛው ሕዋሳት ከምራቋ ጋር ወደ ወፉ ሰውነት ይገባሉ። በመጀመሪያ በውስጥ አካላት ከተባዙ በኋላ ወደ ቀይ የደም ሕዋሳት ይዛመታሉ፤ በዚያም እየተባዙ ሕዋሳቱን ያፈነዳሉ። ከእነርሱ ጥቂቶቹ ጋሜቶሳይት ወደ ተባለው ጾታዊ ደረጃ ይለወጣሉ። ሌላ ትንኝ ደሙን ስትመጥ ጥገኛውን ይዛ ልትሄድና ዑደቱ ሊቀጥል የሚችለው ይህ ደረጃ በደሙ ውስጥ ካለ ብቻ ነው። አንባብያን ይህን ነጥብ በተለይ እንዲያስታውሱት እንሻለን፤ የጋላፓጎስ እንቆቅልሽ የሚያጠነጥነው በዚሁ ላይ ነውና።

የባሕር ወፎች ለምን ከጥገኛ ነጻ መሰሉ?

በየብስ ወፎች ዘንድ የደም ጥገኛ ተሐዋስያን እጅግ የተለመዱ ናቸው። በአንጻሩ የበርካታ የባሕር ወፎች ዝርያዎች ደም ሲመረመር አንድም ጥገኛ አይገኝም፤ ቢገኝም በጥቂቱ ነው። ለዚህ ከቀረቡት ማብራሪያዎች ቀዳሚው የአስተላላፊ ነፍሳት እጥረት ነው። ነፋስ በሚበረታባቸው፣ ውኃቸው ጨዋማ በሆነ ዓለታማ ጠረፎች ላይ ትንኝ እንደ ልብ አይራባም። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ የባሕር ወፎች ዕድሜያቸው ረጅም በመሆኑ ጠንካራ የመከላከያ ሥርዓት ሳይኖራቸው አይቀርም ይላሉ። ሁለቱ ማብራሪያዎች እርስ በርስ አይቃረኑም።

ሆኖም ሕጉን የሚያፈርሱ ወፎች አሉ። ከእነዚህ አንዱ ፍሪጌት የተባለው ትልቅ የሐሩር ባሕር ወፍ ነው። ላባው ውኃ ስለሚያስገባ በባሕር ላይ አያርፍም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው ይህ ወፍ ሳያርፍ እስከ ሁለት ወር ድረስ በአየር ላይ ሊቆይ ይችላል። ሕይወቱ ይህን ያህል ከየብስና ከረግረግ የራቀ ሆኖ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በሃዋይ የተመረመሩ ፍሪጌቶች ደም ውስጥ ለሳይንስ አዲስ የሆነ የሄሞፕሮቴየስ ዝርያ መኖሩ ይፋ ተደረገ። ዝርያው በወፉ የሃዋይ ስም መነሻነት «ሄሞፕሮቴየስ ኢዋ» ተባለ። በኋላም በጋላፓጎስ ፍሪጌቶች ላይ ተገኝቷል።

ጥገኛው በውቅያኖስ መካከል አስተላላፊ ከየት አገኘ? መልሱ ከወፉ ላባ ውስጥ ተገኘ። ኦልፌርሲያ ስፒኒፌራ የምትባል ጠፍጣፋ ደም መጣጭ ዝንብ በፍሪጌት ገላ ላይ ትኖራለች፤ ወፉ ሲበር አብራው ትበራለች፤ ወፎች ጎጆ ለመሥራት ሲሰባሰቡ ከአንዱ ወደ ሌላው ትሻገራለች። ለመራባት ረግረግ ውኃ አያስፈልጋትም፤ እንቁላል ከመጣል ይልቅ ያደገ እጭ ትወልዳለችና። የዚህች ዝንብ ዘመድ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለችም። በደጋ በጎች ጸጉር ውስጥ ተጣብቃ ደም የምትመጠው ክንፍ አልባ ነፍሳት የዚሁ ቤተሰብ አባል ናት። በገንዲ በሽታ አስተላላፊነት የምትታወቀው የቆላ ዝንብም ብትሆን እጭ የምትወልድ የቅርብ ዘመዷ ናት።

እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ሌላ የሄሞፕሮቴየስ ዝርያ በጋላፓጎስ ከሚራባ፣ ባለ ሹካ ጅራት ከሆነ የጋል ዝርያ ደም ውስጥ መገኘቱ ተገለጸ። ይህ ጋል ዓሣና ስኩዊድ የሚያድነው በሌሊት ነው፤ ከእርባታው ወቅት በኋላም ወደ ደቡብ አሜሪካ ጠረፍ ይሰደዳል። በላባ ዝንቦች የሚተላለፈው የሄሞፕሮቴየስ ወገን ቀደም ሲል የእርግቦችና የዋኔዎች ብቻ ተደርጎ ይታይ ነበር። እነዚህ ግኝቶች ያንን አስተሳሰብ ለወጡት፤ ተሰዳጅ የባሕር ወፎችም የደም ጥገኛ ይዘው ከጠረፍ ወደ ጠረፍ ሊጓዙ እንደሚችሉ አሳዩ።

ክትትሉ እንዴት ይካሄዳል?

ሥራው የሚጀምረው ወፉን ሳይጎዱ በመያዝ ነው። ባለሙያዎች ከክንፉ የደም ሥር በቀጭን መርፌ ጥቂት ደም ይወስዳሉ፤ በተለምዶ መጠኑ ከወፉ ክብደት አንድ በመቶ እንዳይበልጥ ይደረጋል። ወፉ ይመዘናል፤ ቁጥር የተጻፈበት ቀለበት በእግሩ ይታሰርለታል፤ ከዚያም ይለቀቃል። ቀለበቱ ያንኑ ወፍ በሌላ ዓመት መልሶ ለመለየት ያስችላል።

የደሙ ናሙና ሁለት ዓይነት ምርመራ ይደረግበታል። የመጀመሪያው በየጤና ጣቢያችን ለሰው ወባ ከሚደረገው ጋር ተመሳሳይ ነው። አንድ ጠብታ ደም በመስታወት ስላይድ ላይ በስሱ ይቀባል፤ በሜታኖል እንዲጸና ይደረጋል፤ ጊምሳ በተባለው ማቅለሚያ ይነከርና በማይክሮስኮፕ 1,000 ጊዜ ጎልቶ ይታያል። የወፎች ቀይ የደም ሕዋሳት ከእኛ በተለየ ሁኔታ ኒውክሊየስ አላቸው። መርማሪው ጥገኛው በሕዋሱ ኒውክሊየስ ዙሪያ ያለውን አቀማመጥና የቀለም ቅንጣቶቹን አይቶ ወገኑን ይለያል። ከሁሉ በላይ ጋሜቶሳይት መኖር አለመኖሩን በዓይኑ ያረጋግጣል።

ሁለተኛው ዘዴ ፒ.ሲ.አር. ይባላል። የጥገኛውን ዲ.ኤን.ኤ. አንድ ክፍል በብዙ እጥፍ በማባዛት፣ በማይክሮስኮፕ ሊታይ የማይችል እጅግ አነስተኛ መጠን እንኳ ቢኖር ያጋልጣል። የዲ.ኤን.ኤ.ው ቅደም ተከተል ሲነበብ ደግሞ ጥገኛው የየትኛው የዘር ሐረግ አባል እንደሆነ ይታወቃል፤ በሌላው የዓለም ክፍል ከተገኙት ጋር ለማነጻጸርም ይቻላል። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ማልአቪ የተባለው የመረጃ ቋት ለዚሁ ንጽጽር ያገለግላል።

ፒ.ሲ.አር. የራሱ ውስንነት አለው። ዲ.ኤን.ኤ. መኖሩን ይናገራል እንጂ ጥገኛው በወፉ ውስጥ አድጎ ለትንኝ ሊተላለፍ የሚችል መሆኑን አይናገርም። ትንኝ ያስገባቻቸው፣ ነገር ግን ከዚያ አልፈው ሊያድጉ ያልቻሉ ስፖሮዞይቶችም ቢሆኑ «አዎንታዊ» ውጤት ሊሰጡ ይችላሉ። ስለዚህ አዲሱ ዘዴ የቆየውን ማይክሮስኮፕ አልሻረውም፤ ሁለቱ ይደጋገፋሉ።

የጋላፓጎስ ፔንግዊኖች ጉዳይ

የጋላፓጎስ ፔንግዊን ከምድር ወገብ በስተሰሜን የሚገኝ ብቸኛ የፔንግዊን ዝርያ ነው። አብዛኞቹ በኢዛቤላና በፈርናንዲና ደሴቶች ይኖራሉ፤ ቁጥራቸውም ጥቂት ሺህ ቢሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 እና በ1983 የተከሰተው ኤልኒኖ ባሕሩን በማሞቅ ምግባቸውን ስላሳጣቸው ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆኑት አልቀዋል። እንዲህ በቀላሉ ለሚናጋ ዝርያ አዲስ በሽታ መጨመር ምን ሊያስከትል እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ፔንግዊኖች በወፍ ወባ በቀላሉ እንደሚሞቱ በብዙ አገሮች የእንስሳት ማቆያዎች ታይቷል።

ሥጋቱን ያባባሰው የሃዋይ ተሞክሮ ነው። በሃዋይ ደሴቶች ትንኝ አልነበረም። ኩሌክስ ኩዊንኬፋሺያተስ የተባለችው ትንኝ እ.ኤ.አ. በ1826 በመርከብ ገባች፤ ፕላስሞዲየም ሬሊክተም የተባለው ጥገኛም ተከተለ። በሽታውን ፈጽሞ የማያውቁት የደን ወፎች አለቁ፤ ብዙዎቹም ከምድረ ገጽ ጠፉ። ይህችው ትንኝ በ1980ዎቹ ጋላፓጎስ ገብታ ተራባች።

እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በሴንት ሉዊስ የሚገኘው የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ፣ የሴንት ሉዊስ የእንስሳት ማቆያ፣ የቻርለስ ዳርዊን ፋውንዴሽንና የጋላፓጎስ ብሔራዊ ፓርክ በመተባበር የወፎቹን ጤና ሲከታተሉ ቆይተዋል። አይሪስ ሌቪን፣ ፓትሪሺያ ፓርከርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጡት ዘገባ የተፈራውን አበሰረ፤ ፕላስሞዲየም በጋላፓጎስ ፔንግዊኖች ደም ውስጥ ተገኘ።

ታዲያ ፔንግዊኖቹ በወረርሽኝ አፋፍ ላይ ናቸው ማለት ነውን? እ.ኤ.አ. በ2013 የታተሙ ሁለት ጥናቶች ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ አሳዩ። በአንደኛው ከተመረመሩት ፔንግዊኖች ከመቶ 97 የሚሆኑት የወባ ጸረ እንግዳ አካላት በደማቸው ተገኝተዋል፤ በፒ.ሲ.አር. ጥገኛው የታየባቸው ግን ከመቶ 9 ያህሉ ብቻ ናቸው። ይህም አብዛኞቹ ወፎች ለጥገኛው ተጋልጠው በሕይወት መቆየታቸውን ያመለክታል።

ሁለተኛው ጥናት በመላው ደሴቶች የ22 ዝርያዎች አባላት የሆኑ 3,726 ብርቅዬ ወፎችን አካቷል። አራት የፕላስሞዲየም የዘር ሐረጎች ተለዩ። የፔንግዊኖቹ ሐረግ፣ «ሀ» ብለን እንጥራው፣ በተለያዩ ዓመታትና ስፍራዎች ተደጋግሞ ታየ፤ በየብስ ወፎችም ላይ ተገኘ። የቀሩት ሦስቱ እያንዳንዳቸው በአንድ ስፍራ አንድ ጊዜ ብቻ ታይተው ጠፉ። ከሁሉ ይልቅ አስገራሚው ግን ጥገኛው ከተገኘባቸው ወፎች መካከል በአንዱም የደም ቅብ ላይ ጋሜቶሳይት አለመታየቱ ነው። ይህ ከሆነ ፔንግዊኖቹ ጥገኛው ገብቶ የሚቀርባቸው እንጂ ወደ ሌላ የሚተላለፍባቸው አስጠጊዎች ላይሆኑ ይችላሉ። ጥገኛው በደሴቶቹ ላይ የሚቆየው በሌላ ወፍ ደም ውስጥ ዑደቱን እየፈጸመ መሆን አለበት።

ከየት መጣ?

ተመራማሪዎቹ ዓይናቸውን ወደ ተሰዳጅ ወፎች መለሱ። በየዓመቱ ከሰሜን አሜሪካ ወደ ደቡብ አሜሪካ ሲጓዝ በጋላፓጎስ የሚያልፈው ቦቦሊንክ የተባለው ትንሽ የየብስ ወፍ ተመረጠ። በሚራቡበት በሰሜን አሜሪካ የ438 ቦቦሊንኮች ደም ሲመረመር፣ በጋላፓጎስ አንድ ጊዜ ታይተው ከጠፉት ሐረጎች ሁለቱ ከቦቦሊንኮቹ ጥገኞች ጋር ተመሳሰሉ። በደሴቶቹ የተደላደለው ሐረግ «ሀ» ግን ከተመሳሰሉት መካከል አልነበረም።

ከዚህ ሁለት ቁምነገር እንቀስማለን። አንደኛ፣ ተሰዳጅ ወፎች እንግዳ ጥገኞችን ከታሰበው በላይ ደጋግመው ሊያመጡ ይችላሉ። ሁለተኛ፣ መምጣት ብቻውን መደላደል አይደለም። እንግዳው ጥገኛ ተስማሚ ትንኝና ተስማሚ አስጠጊ በአንድነት ካላገኘ ይጠፋል። ስለዚህ የክትትሉ ዓላማ ሦስት ጥያቄዎችን በየተራ መመለስ ነው፤ ጥገኛው አለን? በዚህ ወፍ ውስጥ ይበስላልን? የሚያስተላልፈውስ ማን ነው? የሦስቱ መልስ ሳይሟላ የሚወሰድ እርምጃ ዒላማውን ይስታል። መንገደኛን ወፍ ማገድ አይቻልም፤ በሰው ሰፈር ዙሪያ የተከማቸን ረግረግ ማድረቅ፣ ወደ ደሴቶቹ የሚገቡ አውሮፕላኖችንና መርከቦችን ከትንኝ ማጽዳት ግን ይቻላል።

ለአገራችን ተማሪዎችም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ ዛሬ የባሕር ጠረፍ ባይኖራትም፣ በሰሜን አውሮፓ የሚራቡ ጥቁር ጀርባ ያላቸው ጋሎች የአውሮፓን ክረምት ከሚያሳልፉባቸው ስፍራዎች መካከል የስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ይገኛሉ። ጊምሳ፣ ስላይድና ማይክሮስኮፕ በቤተ ሙከራዎቻችን አሉ፤ የወባን የደም ቅብ አንብቦ የመለየት ልምድም በአገራችን የቆየ ነው። ከሚመለከተው የዱር እንስሳት ባለሥልጣን ፈቃድ አግኝቶ፣ በመምህራን መሪነት፣ ወፎቹን ሳይጎዱ የሚካሄድ ጥናት ለባዮሎጂ ተማሪዎች የተገባ የምርምር መስክ ነው። ይህን መስክ የሚመርጥ ተማሪ የፒ.ሲ.አር. ውጤት «አለ» ባለው ጊዜ ወደ ማይክሮስኮፑ ተመልሶ ጋሜቶሳይቱን እንዲፈልግ አደራ እንላለን።