ዋናው ይቅር፣ አምሳያው ይሂድ

በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ፣ በቦሌ በኩል፣ የአውሮፕላን ማረፊያ አለ። ብዙ እንግዶች ወደ አገራቸው የሚመለሱት በዚህ በር ነው። እንግዳ ሲሄድ ማስታወሻ ይፈልጋል። አንዱ ጀበና ይገዛል። ሌላው ብርኩማ ይገዛል፤ ራስ የሚያሳርፉበትን የእንጨት ዕቃ ማለታችን ነው። ሌላው ደግሞ ጋያ ወይም ፒፓ ይዞ ይሄዳል።

ይህ ጥሩ ነው። ግን አንድ ጥያቄ አለ። የሚሄደው ዕቃ አዲስ ነው ወይስ የአያት የቅድመ አያት?

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል። አያት ራሳቸውን ያሳረፉበት ብርኩማ ጥግ ይጣላል። ጭስ ያጠቁረዋል። አንድ ቀን ገዢ ሲመጣ በትንሽ ብር ይሸጣል። ከዚያ በኋላ ልጅ ቢጠይቅ ምን ይታየዋል? ምንም! ሕጉም ይህን ያውቃል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል።

ታዲያ እንግዳው ባዶ እጁን ይሂድ? አይሂድ። አምሳያ እንሥራለት። አምሳያ ማለት ዋናውን አይቶና ለክቶ፣ እሱን አስመስሎ የተሠራ አዲስ ዕቃ ነው።

አምሳያ መሥራት ነውር አይደለም። ድንቅነሽን እናስታውስ። በ1967 ዓ.ም. በአፋር፣ ሐዳር በተባለ ቦታ ተገኘች። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። በብሔራዊ ሙዚየም ሕዝብ ለብዙ ዓመታት ያየው ግን አምሳያዋን ነው። ዋናው አጥንት እንዳይጎዳ በጥንቃቄ ተቀመጠ። ሕዝቡም አየ፤ ቅርሱም ተጠበቀ።

በትርፍ ጊዜያችን እኛም በእንጨት ይህን ማድረግ እንችላለን። በገርጂ፣ በኮተቤ፣ በየካ አናጢዎች አሉ። ከበርና ከቁም ሣጥን የተረፈ ቁራጭ እንጨት ለማገዶ ይሄዳል። ለትንሽ አምሳያ ግን ይበቃል። ዋንዛ ለመሮ ይታዘዛል፤ ለጀማሪ ይስማማል። ወይራ ጠንካራ ነው፤ እጅ ያደክማል፤ ሲለሰልስ ግን ያምራል። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ መሰንጠቅና መጣመም ይወዳል።

በውጭ አገር የታወቀው ፒፓ የሚሠራው ከአስታ ሥር ላይ ከሚያብጥ ጉጥ ነው። አስታ በእኛም ደጋ ይበቅላል፤ በሰሜን ተራሮች ብዙ አለ። ነገር ግን ለፒፓ ብለን አንንቀለው። የተራራውን አፈር የሚይዝ እሱ ነው። ቁራጭ ዋንዛ ይበቃናል።

ሥራው እንዲህ ነው፦

1ኛ. ዋናውን ዕቃ ተመልከቱ። ርዝመቱንና ስፋቱን ለኩ። 18 ሳንቲሜትር ከሆነ 18 ብላችሁ በደብተር ጻፉ። ሥዕሉንም ሣሉ።

2ኛ. ደረቅ እንጨት ምረጡ። እርጥብ እንጨት ከተቀረጸ በኋላ ይሰነጠቃል።

3ኛ. ፒፓ ከሆነ አስቀድማችሁ ቀዳዳውን በመሰርሰሪያ ብሱ። ለምን ቢባል፣ አራት ማዕዘን የሆነ እንጨት በሞርሳ ጥብቅ ብሎ ይያዛል። ክብ ከሆነ በኋላ ግን ይንሸራተታል፤ ቀዳዳውም ይጣመማል።

4ኛ. በመሮ ቅረጹ፤ በሞረድ አስተካክሉ። ስለቱ ወደ ውጭ ይሂድ እንጂ ወደ እጃችሁ አይምጣ።

5ኛ. በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። ብናኙ ለሳንባ ጥሩ ስላልሆነ አፍና አፍንጫችሁን በጨርቅ ሸፍኑ። በመጨረሻ የተልባ ዘይት ቀቡት።

ይህ ፒፓ ለመደርደሪያ ነው፤ ለማጨስ አይደለም። ትምባሆ ጤና ይጎዳል። ቅርጹ ያምራል ብሎ ማየት ግን ማንንም አይጎዳም።

አንድ ሥራ ይቀራል፤ ትልቁም እሱ ነው። በአምሳያው ሥር "አምሳያ" ብላችሁ ጻፉ። ስማችሁንና ዓመተ ምሕረቱንም ጨምሩ። እንዲህ ከሆነ ገዢው አይታለልም። አዲሱን አሮጌ ነው ብሎ የሚሸጥም አይኖርም። ይህን ጽሑፍ የሚጽፈው ሌላ ሰው ሳይሆን ፊደል የቆጠረው የእናንተው እጅ ነው።

አሮጌ የእንጨት ዕቃ ማየት የፈለገ ወደ ስድስት ኪሎ ይሂድ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለ። የየብሔረሰቡ የባህል ዕቃ እዚያ ይታያል።

ሩቅ መሄድ ያልቻለ ደግሞ ከቤቱ ይጀምር። በዚህ ሳምንት አንድ አሮጌ የእንጨት ዕቃ ከጥግ አውጡ። አቧራውን ጥረጉ። ስሙ ማን ነው? ማን ሠራው? ከማን መጣ? እናት አባታችሁን ጠይቁ። መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ። የሚያውቁት ሰዎች በሕይወት ሳሉ ጻፉት።